የአኦርታ ግድግዳ መላቀቅ፦ ሦስቱን የሕክምና መንገዶች ስለማነጻጸር

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብና በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ዲሴምበር 31 ቀን 2005፣ በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ፣ አንድ የ97 ዓመት አዛውንት ለብቻቸው በቤታቸው ተቀምጠው ሊሰጡት ላሰቡት ገለጻ ሲዘጋጁ ድንገት ደረታቸውን ስለታም ሕመም ወጋቸው። ሕመሙ ወደ ጀርባቸውና ወደ አንገታቸው ተሻገረ። ልባቸው ወዲያው እንደሚቆም ጠበቁ፤ አልቆመም። ባለመቆሙም «ይህ ኸርት አታክ አይደለም፤ አኦርታዬ ነው» ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬያቸው የዋዛ አልነበረም። እኒህ ሰው ማይክል ደቤኪ ነበሩ፤ በ1954 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ በሽታ በቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ያከሙ፣ በሽታውን በሦስት ዓይነት የከፈሉ፣ የተጎዳ ደም ቅዳን የሚተካውን የዳክሮን ጨርቅ ቱቦ መጀመሪያ በባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና የሰፉ ሐኪም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የተነሡት ሲቲ ስካን ጥርጣሬያቸውን አረጋገጠ። የሕመማቸው ዓይነትም እሳቸው ራሳቸው ባወጡት አከፋፈል ሁለተኛው ነበር፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ጥቂቶች ብቻ የሚተርፉበት። ይሁንና ደቤኪ በቀዶ ሕክምናው አልተስማሙም፤ ክብደቱን ከማንም በላይ ያውቁት ነበርና። ሳምንታት አለፉ፤ አኦርታቸውም እየሰፋ ሄደ። በፌብሩዋሪ 2006 ራሳቸውን ስተው መልስ መስጠት ሲያቅታቸው የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሌሊት ተሰበሰበ፤ ቤተሰቡ አጥብቆ ጠየቀ፤ የረጅም ዘመን ባልደረባቸው ጆርጅ ኑን ለሰባት ሰዓት ያህል ቀዶ ሕክምናውን አካሄዱ። ከወራት ስቃይና ማገገም በኋላ ደቤኪ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ሕክምናው በመደረጉም ደስተኛ መሆናቸውን ተናገሩ። ያረፉት በጁላይ 2008፣ በ99 ዓመታቸው ነው።

ታሪኩን ያነሣሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ይህን ታማሚ በጥናት መዝገብ ላይ ብናሰፍረው በየትኛው ዓምድ ይገባል? በመድኃኒት ከታከሙት ወይስ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት?

አሁን ስለ በሽታው ስም ጥቂት ልበል። ሐኪሞች እርስ በርሳችን ስንነጋገር «አኦርቲክ ዲሴክሽን» እንላለን። በአማርኛ «የአኦርታ መሰንጠቅ» ሲባል እሰማለሁ፤ ነገር ግን ይህ አባባል የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዟል። አኦርታ ከግራው የልብ ክፍል ወጥቶ ወደ ላይ ያቀናል፣ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፋል፣ ከዚያም በጀርባ አጥንት አጠገብ ወደ ሆድ ይወርዳል። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጠኛው ሽፋን ሲሰነጠቅ ደም በግፊት ወደ መካከለኛው ንብርብር ይገባና ግድግዳውን ከውስጥ እየለያየ ለራሱ ሌላ መንገድ ያበጃል። መሰንጠቁ የአንድ ቅጽበት ነገር ነው፤ መላቀቁ ግን በእያንዳንዱ የልብ ትርታ ይቀጥላል። ስለዚህ «መላቀቅ» የሚለውን መርጫለሁ። የተሻለ ቃል ያለው ሰው ከንግግሩ በኋላ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የሚገድልበትም መንገድ ከዚሁ ይመነጫል። መላቀቁ ወደ ልብ ከተመለሰ ደሙ የልብን ከረጢት ሞልቶ ልብን ያፍናል፤ ወይም የአኦርታን ቫልቭ ያዛባል፤ ወይም ልብን የሚመግቡትን ደም ቅዳዎች ይዘጋል። ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ የሚያገኘውን ቅርንጫፍ ሁሉ ሊያንቅ ይችላል፤ አንጎልን፣ ኅብለ ሰረሰርን፣ ኩላሊትን፣ አንጀትን፣ እግርን። የመጀመሪያው በደንብ የተመዘገበ ገጠመኝ የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ ነው። ንጉሡ በኦክቶበር 1760 በድንገት ሞቱ፤ አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም ፍራንክ ኒኮልስ የልባቸው ከረጢት በደም ተወጥሮ፣ ከልብ በሚወጣው የአኦርታ ክፍል ላይም ስንጥቅ አገኘ። በዚያ ዘመን ለሐኪም የቀረው ሥራ ይኸው ነበር፤ ከሞት በኋላ ምክንያቱን መጻፍ።

ዛሬ በአብዛኛው የምንሠራው በ1970 በስታንፎርድ በወጣው ቀላል አከፋፈል ነው። ወደ ላይ የሚወጣው የአኦርታ ክፍል ከተላቀቀ «ዓይነት ኤ»፤ ያ ክፍል ካልተነካ «ዓይነት ቢ»። አከፋፈሉ የተወደደው የሕክምናውን አቅጣጫ ስለሚያመለክት ነው። ለ«ኤ» ቀዶ ሕክምና፣ ለ«ቢ» መድኃኒት፤ «ቢ» ሆኖ ከተወሳሰበ በደም ሥር በኩል የሚገባ ቱቦ። ተማሪዎች ይህን በአንድ መስመር ጽፈው ፈተና ያልፋሉ። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ መስመር ጀርባ ስላለው ነው።

ከመድኃኒቱ እጀምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ «ሌላው ሳይቻል ሲቀር» በሚል መንፈስ ስለምናቀርበው። በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይረን ዊትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ ያለ ቀዶ ሕክምና ስለማከም ጽሑፍ አወጡ። ከሐሳቡ ምንጮች አንዱ የእርባታ ቤት ነው። ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አኦርታቸው እየፈነዳ ይሞቱ ነበር፤ ሬዘርፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ሲሰጣቸው ሞቱ ቀነሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1970፣ እነዚሁ ሐኪሞች በፕላስቲክ ቱቦዎችና በውሻ አኦርታ ላይ ሙከራ አደረጉ። ያለ ትርታ በእኩል የሚፈስ ፈሳሽ ግፊቱ ከፍ ቢል እንኳ መላቀቁን አላስፋፋውም፤ በትርታ የሚፈሰው ግን አስፋፋው። ግድግዳውን የሚያላቅቀው የግፊቱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ልብ በእያንዳንዱ ምት ግፊቱን የሚያስነሣበት ፍጥነት ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። ሕመሙን ማስታገስ፤ በቤታ ብሎከር የልብን ምት በደቂቃ ከ60 በታች ማውረድ፤ የላይኛውን የደም ግፊት ታማሚው እስከቻለው ድረስ ከ100 እስከ 120 ማድረስ። ግፊቱ አስቀድሞ ወድቆ የመጣ ታማሚ በዚህ አይታከምም፤ እርሱ ሌላ አደጋ ላይ ነው። ሌሎቹ ግን ዓይነታቸው «ኤ» ይሁን «ቢ»፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይግቡ አይግቡ፣ ከዚህ ይጀምራሉ። ስለዚህ «ቀዶ ሕክምና ወይስ መድኃኒት?» የሚለው ጥያቄ ከአነሳሱ ጥቂት ይንሻፈፋል። መድኃኒት የሁሉም የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ ሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በ1996 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአኦርታ መላቀቅ መዝገብ በ2000 የ464 ታማሚዎችን ውጤት ይፋ አደረገ። «ዓይነት ኤ» ሆነው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከመቶ 26 ሞቱ፤ ካልተደረገላቸው ከመቶ 58። «ዓይነት ቢ» ሆነው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ወደ ከመቶ 11 የሚጠጉት ሞቱ፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከመቶ 31። ቁጥሮቹን በችኮላ ያነበበ ሰው «የቀዶ ሐኪሙ ስለት ላይኛውን ያድናል፣ ታችኛውን ይገድላል» ብሎ ይደመድማል። ስለ ሕክምናው አቅጣጫ መደምደሚያው ከእውነት ብዙም አይርቅም፤ የደረሰበት መንገድ ግን የተሳሳተ ነው፤ የተሳሳተ መንገድ ደግሞ ሌላ ቀን ወደ ተሳሳተ ቦታ ያደርሳል።

እስቲ ከመቶ 58ቱን እንመልከት። «ዓይነት ኤ» ሆነው ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው እነማን ናቸው? በጣም ያረጁ፣ ሌላ ከባድ በሽታ ያለባቸው፣ እምቢ ያሉ፤ ደግሞም ቀዶ ሕክምና ታስቦላቸው ሳይደርሱበት የሞቱ። የመጨረሻዎቹን ልብ በሉ። ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሲጠባበቅ የሞተ ሰው በመድኃኒቱ ዓምድ ይቆጠራል። ወደ ቀዶ ሕክምናው ዓምድ ለመግባት አስቀድሞ እስከ ቀዶ ሕክምናው በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል። በ«ዓይነት ቢ» ደግሞ ምርጫው ይገለበጣል፤ በዚያ ለቀዶ ሕክምና የሚመረጡት አኦርታቸው ሊፈነዳ የደረሰ፣ ኩላሊታቸው ወይም እግራቸው ደም ያጣ፣ ማለትም ከሁሉ የታመሙት ናቸው። እነዚህ ከመቶ 31 ሞቱ ማለት ስለቱ ገደላቸው ማለት አይደለም። ሁለቱም ንጽጽሮች ሕክምናን የሚያወዳድሩ መስለው ታማሚን ያወዳድራሉ።

«ታዲያ ለምን በዕጣ መድበን በንጹሕ አናጠናውም?» ትሉ ይሆናል። በ«ዓይነት ኤ» ማንም ኅሊና ያለው ሐኪም አያደርገውም። ለብዙ ዓመታት ያልታከመ ሰው በየሰዓቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት የመሞት ዕድል አለው ሲባል ኖሯል። ያው መዝገብ በ2022 ባወጣው ትንታኔ በመድኃኒት ብቻ የተያዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሰዓቱ ከመቶ ግማሽ ገደማ እንደሚሞቱ አሳየ፤ በሁለቱ ቀናት ሲደመር ወደ ከመቶ 24 ይደርሳል። ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በሌሊት የተጠራ ሐኪም «እስከ ነገ ይቆይ» ለማለት የሚያስችለው አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ቀላል አይደለም። የደረት አጥንት ይከፈታል፤ ታማሚው ከልብና ሳንባ ማሽን ጋር ይያያዛል፤ ሰውነቱ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ወደ አኦርታው ቀስት ለመድረስ የደም ዝውውሩ ለጊዜው ይቆማል፤ የተሰነጠቀው ክፍል ወጥቶ በዳክሮን ቱቦ ይተካል። ቫልቩ ከተበላሸ ይጠገናል ወይም ይለወጣል። ቀስቱን ምን ያህል መተካት እንደሚገባ ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች በአንድ ጊዜ ብዙ ቢተካ ወደ ፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይቀራል ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ በዚያ ሌሊት ዋናው ነገር ታማሚውን በሕይወት ማውጣት ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በተለይ ቡድኑ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ከሆነ። በመዝገቡ የቀዶ ሕክምናው ሞት በ17 ዓመታት ውስጥ ከመቶ 25 ወደ 18 ወርዷል። በመድኃኒት ብቻ የተያዙት ሞት ግን ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም።

ሦስተኛው መንገድ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል ገብቶ አኦርታ ውስጥ የሚዘረጋው፣ በብረት የተደገፈው የጨርቅ ቱቦ ነው። በደረት አኦርታ ላይ ይህን መጀመሪያ የተጠቀሙት በ1987 በካርኪቭ የነበሩት ኒኮላይ ቮሎዶስ ናቸው፤ የእሳቸው ታማሚ ሕመም ግን ከአደጋ የመጣ ጉዳት ነበር። ለመላቀቅ መዋሉን ዓለም በሰፊው የሰማው በ1999 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በአንድነት በወጡ ሁለት ጽሑፎች ነው። ሥራው የስንጥቁን አፍ ከውስጥ መሸፈን ነው፤ ደም ወደ ሐሰተኛው መንገድ መግባቱን ሲያቆም እውነተኛው መንገድ ይሰፋል። «ዓይነት ቢ» ሆኖ ለተወሳሰበበት ታማሚ ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ስትሮክ፣ የእግር ሽባነት፣ አልፎ አልፎም መላቀቁ ወደ ኋላ ተመልሶ «ዓይነት ኤ» መሆን የዚህ መንገድ ዋጋዎች ናቸው።

ክርክሩ ያለው ባልተወሳሰበው «ዓይነት ቢ» ላይ ነው፤ በዚህ በዕጣ የተመደበ ጥናት ስላለን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስተምራል። ኢንስቴድ የተባለው ጥናት 140 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በመድኃኒት ብቻ፣ ግማሾቹን በመድኃኒትና በቱቦ አከመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 96 ገደማ፣ ከቱቦው ወገን ከመቶ 89 ገደማ በሕይወት ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታትስቲክስ የሚቆጠር አልነበረም። «ቱቦው ጥቅም የለውም» ተባለ። አጥኚዎቹ ግን ክትትሉን አላቆሙም። በ2013 የአምስት ዓመቱ ውጤት ሲወጣ በአኦርታ ምክንያት የሞቱት ከቱቦው ወገን ከመቶ 7 ገደማ፣ ከመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 19 ገደማ ሆነው ተገኙ። በማናቸውም ምክንያት የሞቱት ሲደመሩ ልዩነቱ ይጠብባል፤ ከመቶ 11 በ19፣ ይህም እርግጠኛ ለመሆን አይበቃም።

ያው ጥናት፣ ያው ሰዎች፤ መልሱ ግን እንደ ተጠየቀበት ዓመት ተለወጠ። ቱቦው ዋጋውን የሚያስከፍለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ጥቅሙን የሚሰጠው ከዓመታት በኋላ ነው። የመድኃኒቱ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወደዚህ ጥናት የገቡት መላቀቁ ከጀመራቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት የቆዩት ናቸው፤ ቀድመው የሞቱት አልገቡም። ስለዚህ ትናንት ማታ ለመጣችው ታማሚ ይህ ጥናት በቀጥታ አይናገርም። አብዛኛው ሰው ይህን ጥናት ሲጠቅስ ይህቺን ነገር ይዘላታል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ያደገው በአመዛኙ በልጆች የተፈጥሮ የልብ ችግርና በሩማቲክ ሕመም በተጎዱ ቫልቮች ዙሪያ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለመጣ «ዓይነት ኤ» ሙሉ ቡድን፣ ማሽን፣ ደምና ቱቦ ማሰባሰብ ሌላ ነገር ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ደግሞ የምትመደቡት ከዚህ ሁሉ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ታዲያ ስለ ስታንፎርድና ስለ ሂውስተን ማውራት ምን ይጠቅማል?

እኔ እንደሚመስለኝ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ሰዓት በእናንተ እጅ ስለሆነ። በዚያ ሰዓት ሁለት ስሕተቶች ታማሚውን ሊጎዱት ይችላሉ። አንደኛው ሕመሙን ኸርት አታክ ብሎ ደም የሚያቀጥን ወይም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት ነው። ኤሲጂውን ብቻ አትመኑ። ሕመሙ ከጅምሩ እጅግ የበረታ ነበር ወይስ ቀስ እያለ የመጣ? ብላችሁ ጠይቁ፤ ግፊቱን በሁለቱም ክንድ ለኩ፤ የእግሩን ትርታ ዳስሱ፤ የልብ አልትራሳውንድ ካለ ከረጢቱንና ቫልቩን እዩ። የትርታ መጥፋት ከተገኘ ትልቅ ምልክት ነው፤ ባይገኝ ግን አያረጋጋችሁ፤ በ2000ው መዝገብ የተገኘው ከመቶ 15 ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ የእኛ ነው። በብዙ ድንገተኛ ክፍሎቻችን ግፊቱ 200 ለደረሰ ሰው እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሃይድራላዚን መርፌ ነው፤ በወሊድ ክፍል ስለለመድነው፣ ስለሚገኝም። ሃይድራላዚን ግን ደም ሥሮችን ሲያሰፋ ልብ በምላሹ ፈጥኖና ጠንክሮ ይመታል። የግፊት መለኪያው ቁጥር ይወርዳል፣ እኛም እፎይ እንላለን፤ ግድግዳውን የሚያላቅቀው ኃይል ግን ይጨምራል። የፕላስቲኩን ቱቦና የውሻውን አኦርታ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ቤታ ብሎከር ይቅደም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ላቤታሎል ካለ መልካም፤ ከሌለ የሚዋጥ ፕሮፕራኖሎል ከምንም ይሻላል። ለሕመሙ ሞርፊን ስጡ፤ ሕመም ራሱ ልብን ያስሮጣል። ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ካስፈለገ ምቱ ከወረደ በኋላ ይከተል። ከዚያ ሲቲ ስካን ወዳለበት መላክ፣ ከመላክም በፊት መደወል።

«ዓይነት ቢ» ሆኖ የተረፈ ታማሚ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። የተላቀቀ አኦርታ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን፣ በየጊዜው የሚነሣ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 16 ገደማ አዋቂዎች ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። የዚህ በሽታ ዋነኛ ምክንያት ደግሞ ግፊት ነው። ስለዚህ ለታማሚው ክኒኑ እንዳይቋረጥበት የምታስረዱበት አሥር ደቂቃ እንደ ትርፍ ጊዜ አይታይ፤ ከኢንስቴድ የአምስት ዓመት ውጤት ጋር የሚያያዝ ነገር ነውና።

አሁን ወደ ደቤኪ። ሕመሙ ከጀመራቸው ዕለት እስከ ቀዶ ሕክምናው 40 ቀን ያህል አለፈ። በእነዚያ ቀናት በአንዱ ቢሞቱ ኖሮ «በመድኃኒት የታከመ ዓይነት ኤ፣ ሞተ» ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ስላልሞቱ «ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ተረፈ» ሆኑ። ሰውየው አንድ ነው፤ በሽታው አንድ ነው፤ ዓምዱን የለወጠው አንድ ሌሊት ነው። መጀመሪያ ያሉት «እምቢ» ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በ97 ዓመት ለሚደረግ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና መዝገቡም በእርግጠኝነት የሚመክረው ነገር አልነበረውም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እሳቸው መናገር ሲያቅታቸው ስለ እሳቸው የወሰኑት ቤተሰብና ኮሚቴ ነበሩ፤ ቀድሞ የተናገሩት ግን ሌላ ነበር። ደስ ብሏቸው መነሣታቸው ውሳኔውን ትክክል ያደርገዋል? ባይነሡስ?

ይህን ጥያቄ ለእናንተ ልተወው፤ የሥነ ምግባር መምህራችንም እዚህ ስላሉ ከእኔ የተሻለ ይመልሱታል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።